ከከባድ ጥሪ በኋላ፦ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካዮችን የመደገፊያ ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ ካሉት የእሳት አደጋ ተከላካዮች የሚበዙት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቀን በየሥራቸው ይውላሉ፤ ማታና ቅዳሜ እሑድ በሰፈራቸው ጣቢያ ተረኛ ይሆናሉ፣ አለዚያም የጥሪው ድምፅ ሲመጣ ከማዕድ ተነሥተው ይሮጣሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደመወዝተኛውና በጎ ፈቃደኛው ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የሲልቨር ስፕሪንግ የበጎ ፈቃደኞች የእሳት አደጋ ማኅበርም ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በጎ ፈቃደኛው የሚያየው ነገር ከደመወዝተኛው አይለይም፦ ከተቃጠለ ቤት ሳይወጣ የቀረ ሰው፣ አውራ ጎዳና ላይ የተጨፈለቀ መኪና፣ ሲፒአር (ደረትን እየተጫኑ የቆመ ልብን ለማስነሣት የሚደረግ ርዳታ) ተሠርቶለት ያልተመለሰ ሕፃን።

ልዩነቱ የሚመጣው ጥሪው ካለቀ በኋላ ነው። ደመወዝተኛው ተረኝነቱ እስኪያልቅ ከባልደረቦቹ ጋር አብሮ ይበላል፣ አብሮ ያድራል፤ ቀጣሪው የሚያዘጋጀው የምክር አገልግሎትም ይኖረዋል። በጎ ፈቃደኛው ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መከላከያ ልብሱን ሰቅሎ ብቻውን ወደ ቤቱ ይነዳል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይም ሌሊት ምን እንደደረሰ ከማያውቁ ሰዎች ጋር ሥራ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና በአሜሪካ ሁለቱን ወገኖች ያነጻጸረ ጥናት በበጎ ፈቃደኞቹ ላይ የድባቴ፣ የፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጤና ችግር) እና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ምልክቶች ከፍ ብለው እንደታዩ አመልክቷል፤ በደመወዝተኞቹ ላይ ደግሞ የመጠጥ ችግር ጎልቶ ታይቷል። እንደ ገንዘብና እንደ አገልግሎት እጦት ያሉ የሕክምና እንቅፋቶች በበጎ ፈቃደኞቹ ላይ የበረቱ ሆነው መገኘታቸውም በዚያው ጥናት ተጠቅሷል።

ይህ መመሪያ ለጣቢያ ኃላፊዎች፣ ባልደረቦቻቸውን ለመደገፍ ለሚመረጡ አባላት፣ ለራሳቸው ለበጎ ፈቃደኞቹና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ድጋፍ ማለት ስማቸው አስቀድሞ የታወቀ ሰዎች ለሳምንታትና ለወራት ሳያቋርጡ የሚያከናውኗቸው ትናንሽ ተግባራት ናቸው፤ ጣቢያው ይህን በወረቀት ካላሰፈረው ደግሞ በተግባር አይገኝም።

ከመነሻው መታወቅ ያለበት ጉዳይ

ብዙ ጣቢያዎች ከከባድ አደጋ በኋላ ድጋፍ ሲባል ወዲያው የሚታያቸው ሁሉም ክብ ሠርቶ የሚቀመጥበት ስብሰባ ነው። ይህ ልማድ በአብዛኛው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። በእሳት አደጋና በአምቡላንስ አገልግሎት ያለፈው ጄፍሪ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1983 ከአደጋ በኋላ ሠራተኞችን ሰብስቦ በሰባት ደረጃ የማወያየት ዘዴን አስተዋወቀ። ውይይቱ ከመግቢያ ተነሥቶ በቦታው ወደሆነው ነገር፣ ከዚያም ወደ ሐሳብ፣ ወደ ስሜትና ወደ ሕመም ምልክቶች ይሄድና በትምህርትና በመዝጊያ ያበቃል። ዘዴው የሥነ ልቦና ጉዳት ለአገልግሎቱ ሠራተኞችም እውነተኛ ጉዳት መሆኑን ስላሳወቀ ባለውለታ ነው።

ይሁን እንጂ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ግምገማ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ እንዲህ ያለ ውይይት ፒቲኤስዲን እንደማይከላከል፣ አንዳንዶችንም ሊጎዳ እንደሚችል አመለከተ፤ ሰዎችን እያስገደዱ ማወያየትም እንዲቆም መከረ። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም እ.ኤ.አ. በ2018 መመሪያው ይህንኑ አቋም ይዟል። የዘዴው ደጋፊዎች ጥናቶቹ የተካሄዱት እንደ ቃጠሎና የመኪና አደጋ ባሉ የግል ተጎጂዎች ላይ እንጂ አብረው በሚሠሩ ቡድኖች ላይ አይደለም ብለው ይከራከራሉ፤ ክርክራቸውም ክብደት አለው። ቢሆንም ማንንም ሰው ሳይፈልግ ያየውን በሰው ፊት እንዲተርክ ማስገደድ፣ በእኔ እምነት፣ ዛሬ የሚሟገቱለት ነገር አይደለም።

እርምጃ 1፦ ጥሪው ከመምጣቱ በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ ጣቢያው ክትትል የሚያስጀምሩ ጥሪዎችን በአንድ ገጽ ዘርዝሮ ይጻፍ። የሕፃን ሞት፣ የባልደረባ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት፣ ራስን ማጥፋት፣ ብዙ ሰው የሞተበት አደጋ፣ ለረጅም ሰዓት ተደክሞበት ያልተሳካ የነፍስ አድን ሥራ፣ አባሉ ራሱ ሊሞት የነበረበት አጋጣሚ፣ እንዲሁም ተጎጂው አባሉ የሚያውቀው ሰው የሆነበት ጥሪ በዝርዝሩ ይግቡ። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲያጋጥም ክትትሉ ማንም ሳይጠይቅ በራሱ ይጀመራል። ይህ ዋጋው ትልቅ ነው፤ «እኔ ተጎድቻለሁ» ብሎ እጁን የሚያወጣ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ በተለይም «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ባደገ ሰው ዘንድ ጠይቆ ድጋፍ ማግኘት የማይታሰብ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት የአቻ ደጋፊዎች፣ ማለትም ባልደረቦቻቸውን የሚደግፉ አባላት፣ ይመረጡ። ምርጫውን ለአዛዡ ብቻ መተው አይገባም። አባላቱ በምስጢር ድምፅ «ክፉ ቀን ቢገጥመኝ ለማን እደውላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ የአንድ ሰው ስም እንዲጽፉ ቢደረግ ትክክለኞቹ ሰዎች ራሳቸው ይወጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ስማቸው የሚደጋገመው ወሬ የማያመላልሱ ዝምተኞች ናቸው። የተመረጡት ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። የአሜሪካ የወደቁ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ፋውንዴሽን ለዚህ አገልግሎት ያዘጋጀው የጭንቀት የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ሰባት ተግባራትን ያስተምራል፦ ሁኔታን ማጣራት፣ ርዳታን ማስተባበር፣ ከተጨማሪ አደጋ መከለል፣ ማረጋጋት፣ ከሰው ጋር ማገናኘት፣ ብቃትን መመለስና በራስ መተማመንን ማደስ። ይኸው ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጀመረው እንቅስቃሴ በወጡት 16 የደኅንነት ግቦች 13ኛው ላይ የእሳት አደጋ ተከላካዮችም ቤተሰቦቻቸውም የምክርና የሥነ ልቦና ድጋፍ ሊያገኙ ይገባል ይላል። ኃላፊዎ በጀት ሲጠየቅ ፊቱን ካጠቆረ ይህን ግብ ያቅርቡለት።

የምስጢር አጠባበቅ ደንብም አስቀድሞ ይጻፍ። የአቻ ደጋፊ የሰማውን ለአዛዥ፣ ለቦርድም ሆነ ለትዳር ጓደኛ አይናገርም፤ ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ከሆነ ግን ዝም አይልም። ሁለቱም ነገሮች ለአባላት በግልጽ ይነገሩ። ስለ ምስጢር ያለው ሕግ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ደንቡን የሕግ ባለሙያ ቢያየው ይመረጣል።

የባለሙያዎች ዝርዝርም የሚዘጋጀው በዚህ ጊዜ ነው። በአቅራቢያ ያሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን በስልክ እያነጋገሩ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሥነ ልቦና ጉዳትን በቀጥታ የሚያክም ሥልጠና አላቸው? ከእሳት አደጋ ወይም ከአምቡላንስ ሠራተኞች ጋር ሠርተው ያውቃሉ? ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው በስንት ይቀበላሉ? አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ከተገኘ ስሙን ለብቻ ምልክት ያድርጉበት። ሰው እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ቢሰላ የሚያስለቅሰውን ነገር የሚናገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው።

እርምጃ 2፦ በአደጋው ቦታ

ከሁሉ የተሻለው መከላከያ አላስፈላጊ እይታን መቀነስ ነው። ለሥራው አሥር ሰው የማያስፈልግ ከሆነ አምስቱ ወደ ኋላ ይቁሙ፤ አስከሬን ወዲያው ይሸፈን፤ ወጣቶቹና አዲሶቹ አባላት መንገድ እንዲዘጉ፣ መብራት እንዲይዙ ወይም ዕቃ እንዲያቀርቡ ይመደቡ። ረጅም ሥራ ከሆነ ሰው ይቀያየር።

መግባት ለግድ ሲሆን አስቀድሞ መንገር ይገባል። አዛዡ «ኋላ ወንበር ላይ ሕፃን አለ፣ ሞቷል። የአንተ ሥራ የሹፌሩን በር መክፈት ነው፤ ወደ ኋላ ማየት አያስፈልግህም» ቢል አሥር ሰከንድ አይወስድበትም። ሰው የሚጠብቀውን ሲያይና ሳይዘጋጅ ሲያይ የሚቀርበት ነገር አንድ አይደለም።

አንድ አባል በቦታው ደርቆ ቢቀር ወደ መኪና ልኮ ብቻውን ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም። በስሙ ይጥሩት፣ ጎኑ ይቁሙ፣ «ይቺን ቱቦ አብረን እንጠቅልል» የሚል ትንሽና ተጨባጭ ሥራ ይስጡት። ሰውየው በኋላ ላይ ያን ሌሊት ሲያስታውስ «አንድ ነገር ሠርቻለሁ» ማለት መቻሉ ይረዳዋል።

እርምጃ 3፦ ጣቢያ በተመለሱ በመጀመሪያው ሰዓት

ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መታጠብ፣ ልብስ መለወጥ፣ ትኩስ ነገር መብላትና መጠጣት፣ ከዚያ ዕቃ ማጽዳት። ደም ወይም የቃጠሎ ሽታ የያዘ መከላከያ ልብስ ባለቤቱ ለብቻው እንዲያጥበው አይተው፤ ሌላ ሰው ይቀበለው። ሽታ ሌሊቱን መልሶ ለማምጣት ከሥዕል ይበረታል፣ ልብሱ ደግሞ ለሚቀጥለው ጥሪ የሚለበሰው ያው ነው።

ከዚያ አጭር የሥራ ግምገማ ማድረግ ይቻላል። ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው፦ ተልእኳችን ምን ነበር? ምን በደንብ ሄደ? ምን ከዚህ በተሻለ ሊሄድ ይችል ነበር? ምን በሌላ መንገድ ልናደርግ እንችል ነበር? ማን ማወቅ አለበት? ግምገማው ስለ ሥራው ብቻ ነው። በየተራ «ምን ተሰማህ?» እያሉ መዞር እዚህ ቦታ የለውም፤ መሄድ የፈለገም ይሂድ። አዛዡ እውነቱን ይናገር፦ ሰውየው ስንደርስ ሞቶ ከነበረ እንዲያ ይባል፣ ስሕተት ከነበረም ጣት ሳይጠቆም ይነገር። ያልተነገረ ነገር በየሰው ጭንቅላት ውስጥ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ወደሚል ፍርድ ይለወጣልና።

አምስተኛው ጥያቄ በተለይ ትኩረት ይሻል። ማወቅ ካለባቸው ሰዎች አንዷ ጥሪውን የተቀበለችው የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ናት። እናቲቱ ስትጮህ በጆሮዋ ሰምታ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን መጨረሻውን ሳታውቅ ቀጣዩን ጥሪ አንሥታለች። አንድ ሰው ደውሎ ውጤቱን ይንገራት። ቀድሞ ከቦታው የሄደ አባልም እንዲሁ ይነገረው።

ከመለያየታችሁ በፊት አዛዡ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጥያቄ ያቅርብ፦ «ቤት ማን አለ?» እና «ለመንዳት ደህና ነህ?» እጁ የሚንቀጠቀጥን ሰው ሌላው ያድርሰው። «አንድ አንድ እንቅመስና እንለያይ» የሚለውም ልማድ ይቅር። መጠጥ እንቅልፍ የሚያመጣ ይመስላል እንጂ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ ማርገቢያው መጠጥ እየሆነ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቆይቶ ሁለት ችግር ይኖረዋል።

እርምጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የአቻ ደጋፊው ለእያንዳንዱ የቡድኑ አባል በግል ይደውል። ጽሑፍ መላክ ስልክን አይተካም፤ ድምፅ የሚነግረውን ጽሑፍ ይደብቀዋል። ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም፦

«ሰላም፣ ከጣቢያ ነው የምደውልልህ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለሁሉም እየደወልን ነው፣ አንተን ለይቼ አይደለም። እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ትበላለህ? ቤት ደህና ነህ? ማውራት ካልፈለግህ አያስፈልግም፤ ሐሙስ መልሼ እደውላለሁ።»

ከዚህ ውስጥ ዋናው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ቃሉ ይከበርለት፤ ስልኩ ግን ሐሙስ ይደወልለት። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው ሐዘንተኛውን እንዴት ሞተ ብሎ እንደማያስጨንቀው፣ አጠገቡ ተቀምጦ ሲናገር እንደሚሰማ፣ ዝም ሲልም አብሮ ዝም እንደሚል፣ ይህን ጥበብ ልጅ ሳለን ጀምሮ እናውቀዋለን። የአቻ ደጋፊም ሥራው ከዚህ አይርቅም።

በእነዚህ ቀናት ምስሉ ዓይን ላይ ድቅን ማለት፣ መባነን፣ መነጫነጭ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ አለምክንያት እንባ መምጣት፣ ወይም ምንም ያለመሰማት የተለመዱ ናቸው፤ በአብዛኛው ሰው ላይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳሉ። ለአባሉ ይህን በግልጽ መንገር በራሱ ድጋፍ ነው። አደጋውን የሚያሳይ ቪዲዮ ደጋግሞ ማየት ይተው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ሥር የሚጻፈውን አስተያየት አያንብብ። በየዕለቱ ይንቀሳቀስ፣ በተለመደው ሰዓት ይተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ይቀንስ። የእንቅልፍና የጭንቀት ማስታገሻ ክኒን ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ አደገኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 መመሪያው በመጀመሪያው ወር ለሚታዩ የጭንቀት ምልክቶች ቤንዞዳያዜፒን የተባሉት ማስታገሻዎች እንዳይሰጡ መክሯል።

አስተርጓሚ ሆኖ ለተገኘው አባል

ይህን ክፍል ለብቻ የጻፍኩት በሌሎች መመሪያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ነው። አማርኛ የሚችል በጎ ፈቃደኛ ወደ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤት በሚሄድበት ጊዜ ሳይታሰብ ሌላ ሥራ ይወድቅበታል። የሕክምና ባለሙያው «ልባቸው ቆሟል፣ ከዚህ በላይ ማድረግ የምንችለው የለም» ሲል ያንን ለልጆቻቸው በአማርኛ የሚናገረው እሱ ነው። ልጆቹ ሲጮኹ፣ እናቲቱ ደረቷን እየደቃች ለእግዚአብሔር የምትናገረውን ሲጠየቅ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰውም እሱ ነው። የሌሎቹ ባልደረቦች ጆሮ ጩኸቱን ብቻ ሲሰማ የእሱ ጆሮ ቃላቱን ይሰማል፤ የሰማውንም በራሱ አፍ ደግሞ ይናገራል። በሚቀጥለው እሑድም እነዚያኑ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በዕድር ስብሰባ ላይ ያገኛቸዋል።

ስለዚህ አዛዡ ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ቢቻል የስልክ አስተርጓሚ ይጥራ፤ ጣቢያው አገልግሎቱን አስቀድሞ ያመቻች። ሁለተኛ፣ አባሉ መተርጎሙ የማይቀር ከሆነ ሌላ ሥራ አይደራረብበት፤ ሲፒአር እየሠራ እንዲተረጉም በፍጹም አይጠየቅ። የሞት መርዶ ከሆነም መርዶውን የሚናገረው ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ ቤተሰቡን እያየ ይናገር፤ አባሉን ብቻውን ፊት ለፊት አያቁመው። ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለ ጥሪ በእርምጃ 1 ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ አደጋው ለሌሎቹ ቀላል ቢመስልም ለእሱ ክትትል ይደረግለት።

አባሉ ራሱም ለቤተሰቡ ወዳጅ ከሆነ ለቅሶ መድረስ ይችላል፣ ብዙዎችንም ይህ ያጽናናቸዋል። ነገር ግን ያን ሌሊት ያየውን የሟቹን ሁኔታ ለለቀስተኛ መተረክ የለበትም፤ ሲጠይቁት «ያደረግነውን ሁሉ አድርገናል፣ ዝርዝሩን ሐኪሞቹ ይንገሯችሁ» ብሎ መመለስ ይበቃዋል። ይህ መልስ የሟቹን ክብር ይጠብቃል፤ እሱንም በየለቅሶ ቤቱ ያን ሌሊት ደጋግሞ ከመኖር ያድነዋል።

እርምጃ 5፦ ከሦስተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት

ይህ ጊዜ ወሳኝ ነው፤ ጣቢያዎች በብዛት የሚዘናጉትም እዚህ ላይ ነው። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና ኑሮን ካወኩ ሐኪሞች ፒቲኤስዲ መሆን አለመሆኑን ይመረምራሉ። ለማጣራት የሚያገለግል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ ተመራማሪዎች የቀረበ የ10 ጥያቄዎች መጠይቅ አለ። ባለፈው ሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የአደጋው ሐሳብ ሳይፈልጉት መጥቶብዎታል ወይ፣ ቅዠት አለ ወይ፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል ወይ፣ ድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጥዎታል ወይ የሚሉና የመሳሰሉ ጥያቄዎችን በአዎ ወይም በአይደለም ያስመልሳል። ስድስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ያለ ሰው ወደ ባለሙያ እንዲሄድ ይመከራል። መጠይቁ የምርመራ ውጤት አይሰጥም፤ የሚሞላውም አባሉ ለራሱ እንጂ ለአዛዡ ፋይል አይደለም።

ከመጠይቁ ውጭ ባልደረቦች የሚያዩአቸው ምልክቶች አሉ። አንዱ ከጣቢያ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ አንድም ጥሪ አያመልጠው ይሆናል፤ ቤቱ መቀመጥ አቅቶት፣ እንቅልፍ ፈርቶ ጣቢያ ያድራል፣ ሰውም «እንዴት ያለ ትጉህ ነው» ይለዋል። እኔ ይበልጥ የምሠጋው ለሁለተኛው ነው። አደጋው የደረሰበትን መንገድ እየዞረ የሚሄድ፣ በትንሽ ነገር የሚቆጣ፣ ዕቃ የሚረሳ፣ ቀልዱ የጠፋ ሰውም በዓይን ይያዝ።

የማይታዩም አሉ። እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1983 በደቡብ አውስትራሊያና በቪክቶሪያ በተነሣውና 75 ሰዎች በሞቱበት የሰደድ እሳት ከተሰለፉት በጎ ፈቃደኞች መካከል 469ኙን የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሌክሳንደር ማክፋርሌን ለ29 ወራት ተከታትሏቸው ነበር። ምልክታቸው ለወራት የዘለቀ ብዙዎች ነበሩ፤ በአራተኛው ወር ደህና የነበሩና ቆይተው የታመሙም ተገኝተዋል። ከዚህም ሌላ ማን እንደሚታመም ለመገመት የእሳቱ ክብደት ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ሰውየው ቀደም ሲል የነበረበት የሥነ ልቦና ችግር ትልቅ ድርሻ ነበረው። ስለዚህ «እሱ እኮ ዳር ነበር የቆመው» ብሎ ማንንም ከክትትል ማውጣት አይገባም።

እርምጃ 6፦ ወደ ሕክምና መሸኘት

ለፒቲኤስዲ ውጤታቸው በጥናት የተረጋገጠ ሕክምናዎች አሉ፦ በጉዳቱ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና፣ እንዲሁም ኢኤምዲአር የተባለው፣ ታካሚው ዓይኑን እያንቀሳቀሰ ትዝታውን እንዲያስተናግድ ሐኪሙ የሚረዳበት ዘዴ። የመጀመሪያው በተለምዶ ከ8 እስከ 12 ቀጠሮ ይወስዳል። ይህን ለአባሉ መንገር ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ከገባ የማይወጣበት፣ ዕድሜ ልክ ክኒን የሚዋጥበት ነገር ስለሚመስለው ነው።

«ባለሙያ ብታይ ጥሩ ነው» ብሎ መተው ግን ሰውን አያንቀሳቅስም። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ስም ይምረጡለት፣ አብረው ተቀምጠው ይደውሉ፣ ቀጠሮውን ያስይዙ፣ ፈቃዱ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን ሸኝተው በመኪና ይጠብቁት። ስለ ክፍያ፦ የጣቢያውን ኢንሹራንስ ውል አውጥተው የሥነ ልቦና ጉዳትን ይሸፍን እንደሆነ ያንብቡ፤ የግዛቱ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ ሕግ ለበጎ ፈቃደኞች ይሠራ እንደሆነም ይጠይቁ፤ የማመልከቻ ቀነ ገደብ ስለሚኖረው አደጋው የደረሰበት ቀንና የጥሪው ቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጥ።

ጸበል የሚጠመቅ ወይም ከንስሐ አባቱ ጋር የሚመክር አባል ቢኖር «ይህን ትተህ ሐኪም ጋ ሂድ» ማለት ሰውየውን ከሁለቱም ያርቀዋል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ አሳሳቢው መድኃኒት የጀመረ ሰው ጸበል ስለገባ ብሎ ሐኪሙን ሳያማክር ሲያቋርጥ ነው። የንስሐ አባቱን አነጋግሮ በዚህ ላይ አንድ ቃል እንዲሰጡት መለመን ብዙ ጊዜ ከባልደረባ ምክር ይልቅ ይሰማል።

በሕክምና ላይ ያለ ሰው ከጣቢያው አይቆረጥ። ጥሪ መውጣት ካልቻለ ሥልጠና ያስተምር፣ መሣሪያ ይፈትሽ፣ የቡድኑ የስልክ መልእክት አይቋረጥበት።

ለቤተሰብ

ባለቤትዎ ከጥሪ ሲመለስ ዝም ካለ ዝምታውን ለማስፈታት አይታገሉ። ምግብ ያቅርቡ፣ ልጆቹ ለጊዜው ፋታ ይስጡት፣ «ስትፈልግ እሰማለሁ» ይበሉና እውነትም ሲመጣ ይስሙ። ዝርዝሩ ለእርስዎ የሚከብድ ከሆነም ይንገሩት፤ ያኔ ዝርዝሩን ለአቻ ደጋፊው፣ ድካሙን ለእርስዎ ማካፈል ይችላል። የጣቢያው የአቻ ደጋፊ ስልክ በእርስዎም እጅ ይኑር። መለወጡን መጀመሪያ የሚያየው የቤት ሰው ነውና ለመደወል የእሱን ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን

«ብሞት ይሻለኛል»፣ «ለእናንተ ሸክም ሆንኩ» የሚል፣ ንብረቱን የሚያከፋፍል፣ ወይም ከከባድ ጭንቀት በኋላ ድንገት ተረጋግቶ ሰውን የሚሰናበት ሰው ካጋጠመዎ በግልጽ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙዎች በመጨረሻ ሰው ስለጠየቃቸው እፎይ ይላሉ። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተዉት። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ በፈቃዱ ከቤት ይውጣ፣ መድኃኒቶችም ከእጁ ይራቁ። በአሜሪካ ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው በተዘጋጀው የ988 የርዳታ መስመር በማንኛውም ሰዓት መደወል ወይም መልእክት መላክ ይቻላል፤ በስልክ ሲደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። አደጋው ቅርብ ከሆነ 911 ይደውሉ።

እርምጃ 7፦ ከወራት በኋላ

የጣቢያው የቀን መቁጠሪያ ላይ አራት ቀን ይመዝገብ፦ አደጋው ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመትና ሁለት ዓመት የሚሞላበት። በእያንዳንዱ ሰሞን በእርምጃ 4 የተጻፈው ዓይነት ስልክ ይደወል። ከዚህም ሌላ ተመሳሳይ ጥሪ ሲመጣ፣ አባሉ ስለዚያ ሌሊት ፍርድ ቤት ሊመሰክር ሲጠራ፣ ወይም የአደጋው መርማሪዎች ሪፖርት ሲወጣ ቀኑን ሳይጠብቁ ይደውሉ። አገልግሎቱን ትቶ የወጣ አባል ስሙ ከዝርዝሩ ቶሎ ይፋቃል፤ እሱም እስከ ሁለተኛው ዓመት ድረስ ይደወልለት።

የአቻ ደጋፊዎቹም የሌሎችን ሌሊት ሲሰሙ ይሰነብታሉ። በየሦስት ወሩ ከውጭ ባለሙያ ጋር ይገናኙ፤ አንዱ ራሱ በጥሪው ላይ ከነበረ በዚያ አደጋ ደዋይ አይሁን፣ ይደወልለት እንጂ። አዛዡንም የሚከታተል ሰው በስም ይመደብ፤ ትእዛዙን የሰጠው እሱ ስለሆነ ፀፀቱ የተለየ ነው፣ በበታቾቹ ፊት ሊናገረውም ስለሚቸግረው ከጎረቤት ጣቢያ አዛዥ ጋር ሁለቱ ጣቢያዎች አስቀድመው ቢስማሙ ይሻላል። የባለሙያዎቹ ዝርዝር በዓመት አንድ ጊዜ ስልክ ተደውሎ ይታደስ፤ ጡረታ የወጣ ወይም አድራሻ የቀየረ ሰው ቁጥር በችግር ቀን ሊገኝ አይገባም።